ጣርማ በርን በሦስተኛ ማርሽ፦ ሞተሬን ያደሰልኝ የደብረ ብርሃኑ ጋራዥ

ጋራዡ ሰሌዳ የለውም። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮችን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ባለቤቱ ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። "ያለው ወረፋም በዝቶብኛል" አሉ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያው ነው። መኪናዬ እዚያ ግቢ ውስጥ ሰባት ሳምንት ቆማለች። ከወጣች አምስት ወር ሆናት፤ 9400 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። አሁን ስለ ሥራቸው ብናገር ቸኮልክ የሚለኝ የለም።

መኪናዬ ላንድክሩዘር ናት። ረጅሟ፣ እ.ኤ.አ. የ1996 ምርት። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4164 ሲሲ፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። እንጀራዬ ናት። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ወደ ጓሳ እወስዳለሁ። ወደ መሐል ሜዳም ሰው እጭናለሁ። ሥራ በሌለ ሳምንት ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርት ወይ ማንጎ ጭኜ እመለሳለሁ።

ያንን መንገድ የሄደበት ሰው ያውቀዋል። ከሮቢት ስትነሱ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ሙቀቱ ላብ ያስጠምቃል። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማ በር፣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ ስትደርሱ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥታችኋል። ጉም ይቀበላችኋል። ጃኬት ትፈልጋላችሁ። መኪናዋም የምትፈልገው ነገር ነበራት፣ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጭነት ይዤ ከደብረ ሲና እስከ ዋሻው 27 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። በሁለተኛ ማርሽ፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ እየጎተትኩ። አንድ ጊዜ ከመዘዞ አለፍ ብሎ ባለ አቀበት ላይ ሰው አስወርጄ በእግር አስኬድኩ። አንዲት እናት "አይዞህ ልጄ፣ እኛ መሄዱን ለምደነዋል" አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ አሳይቻት ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። "ጉልበት አነሳት" ስላቸው አንዱ ካቻቢቴ ይዞ መጣና የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችውን ብሎን ግማሽ ዙር አዞራት። ለሁለት ቀን ደስ አለኝ። እውነትም ትንሽ ጎበዝ ብላ ነበር። ጭሱ ግን በእጥፍ ጨመረ። ሙቀቱ ሲያስቸግር ተመለስኩ። የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥተው ጣሉት። "አገሩ ብርድ ነው፣ አያስፈልግም" ተባልኩ። አመንኩ። በስድስተኛው ወር፣ ከጣርማ በር በታች፣ የሙቀት ጌጁ ቀይ ውስጥ ገባ። ዲፕስቲኩን ስስበው ዘይቱ የወተት ሻይ መልክ ይዟል። ውኃ ገብቶበታል። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ ብል ማጋነን አይደለም። በኢሱዙ ተጎትታ ደብረ ብርሃን ገባች።

ጋሼ መጀመሪያ ቁልፍ አላነሱም። ጠየቁኝ። የት ነው የምትነዳት? ስንት ኩንታል ትጭናለህ? ጭሱ የሚብሰው ሮቢት ላይ ነው ጣርማ በር ላይ? ጌጁ የሚወጣው ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ ጫፉ ላይ? ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ አወራን። ስለ መኪናዬ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት ለኩ። አምስቱ ሲሊንደሮች ከ24 እስከ 26 ባር ሰጡ። ስድስተኛው 15 ላይ ቆመ። እኔ የሞተሩን መጽሐፍ በስልኬ አውጥቼ ነበር። ቁጥሩ ከዚህ በጣም ይበልጣል። "ጋሼ፣ ሁሉም አልቀዋል ማለት ነው?" አልኳቸው። ሳቅ አሉ። "የመጽሐፉ ቁጥር ባሕር ወለል ላይ ነው። እዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ራሱ ሳሳ ያለ ነው። 24 እዚህ፣ እዚያ 34 ማለት ነው" አሉኝ። ማታ ቤቴ ሒሳቡን ሠራሁት። ትክክል ናቸው። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን 70 በመቶ ገደማ ነው። 24ን ለ0.7 ስታካፍሉት 34 ይመጣል። በደጋ አገር ስንት ደህና ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት "ሞቷል" ተብሎ እንደወረደ ሳስብ ያመኛል።

የእኔ ግን መውረዱ አልቀረም። ስድስተኛው ሲሊንደር ተቧጭሯል፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቋል። ከዚያ በፊት ግን ጋሼ አስቀምጠው ያስረዱኝ ነገር አለ። የዚህ ሁሉ ወጪ ምክንያቱ እሱ ስለሆነ በደንብ ልጻፈው።

ይህ ሞተር ባሕር ወለል ላይ 130 ገደማ ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ መቶም አይሞላም። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። የእኔ ፖምፓ ግን ከፍታውን አያውቅም። ሮቢት ላይ የሚረጨውን ናፍጣ ዋሻው ጋም ይረጫል። የሚያቃጥለው አየር ያጣ ናፍጣ ጭስና ሙቀት ይሆናል። ያ ልጅ ብሎኗን ሲያዞራት ናፍጣ ጨመረ እንጂ አየር አልጨመረም። ሙቀቱ ቴስታታውን ሰነጠቀው። "ስታበላው ነው የኖርከው" አሉኝ ጋሼ፣ "ያጠረው ትንፋሽ ነው።"

ቱርቦ ይገጠም የሚለው ሐሳብ የእኔ ነበር። ፋብሪካው ቱርቦ የገጠመለትን ወንድሙን ሞተር፣ ኤች ዲ ቲውን፣ ያገለገለ ገዝቼ ሙሉ ልቀይር ብዬም ነበር። ጋሼ ሁለት ነገር አነሱ። አንደኛ፣ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር ያንን ማስለወጥ አለብህ፤ ለሰነዱም ብዙ ትመላለሳለህ። ሁለተኛ፣ የማታውቀውን የሰው ሞተር ከመግዛት የራስህን ደህና ብሎክ ማደስ ይሻላል። ተስማማሁ። ቱርቦው ላይ ግን ተጨቃጨቅን። እኔ ኢንተርኔት ላይ አውስትራሊያዎች በዚሁ ሞተር ላይ አንድ ባር ሲነፉ አይቻለሁ። ያንን ፈለግኩ። ጋሼ አሻፈረኝ አሉ። የዚህ ሞተር የመጨመቂያ ልክ 22.4 ለ1 ነው። ቱርቦ እንዲኖረው ታስቦ አልተሠራም። "0.4 ባር። ከዚያ በላይ ከፈለግክ ሌላ ጋ ውሰዳት" አሉኝ። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን አመሰግናቸዋለሁ።

ሥራው እንዲህ ሄደ። ሞተሩ ወረደ፣ ተፈታ፣ ታጠበ። ጋሼ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ቁጥሮቹን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉ። እስካሁን እዚያው አሉ። አንዱን ሲሊንደር ብቻ አስፍቶ መተው አይሆንም፤ ትልቁ ፒስተን ከሌሎቹ ጋር ክብደቱ አይመጣጠንም። ስለዚህ ስድስቱም ከ94 ሚሊ ሜትር ወደ 94.5 ሰፉ። ሪቦር ሲደረግ ጉልበት ይጨምራል የሚል ብዙ ሰው አለ። አስሉት። ሞተሩ ከ4164 ወደ 4208 ሲሲ ነው የሄደው። 44 ሲሲ። አንድ ትንሽ የቡና ስኒ የማይሞላ ነገር ነው።

ብሎኩ ለቶርኖ፣ ፖምፓው ለመለኪያ ማሽን፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ሄዱ። አብሬ ሄድኩ። ጋሼ ዝርዝር ጽፈው ሰጡኝ፣ ከነልኩ። ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች)፣ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርባቸው ልባሶች)፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መሐል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ያገለገለ ግን ያልተሰነጠቀ ቴስታታ። ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። ይዤ ስመለስ ስድስቱን ፒስተኖች ከጎረቤት ሱቅ በተዋሱት ሚዛን ላይ አንድ በአንድ አስቀመጧቸው። አንዱ ከሌሎቹ በ11 ግራም ይከብዳል። "መልሰው" አሉኝ። ለ11 ግራም 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ 130 ኪሎ ሜትር ተመለስኩ። መንገድ ላይ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ግን መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ዳሽቦርዱ ላይ ባስቀምጥ እምብዛም አይንቀጠቀጥም።

ሲገጣጠም ለማየት ፈቀዱልኝ። ይህ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ብሮንዚናው ውስጥ ቀጭን የሰም ክር አኑረው ያጠብቃሉ። ፈተው የክሩን መጨፍለቅ ይለካሉ። ክፍተቱ ልክ መሆኑን የሚያውቁት በዚያ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከብሎኩ ምን ያህል ወጣ እንደሚል ሰዓት በሚመስል መለኪያ አዩ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን የተለያየ ውፍረት አለው፤ የሚመረጠው በዚህ ልክ ነው። ያመጣሁት ቀጭኑ ነበር። ወፍራሙ አስፈለገ። እንደገና አዲስ አበባ። ይህን ሁሉ "ይበቃል" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ማንም አያይም። ጋሼ ግን አላለፉም። ሁለቱ ረዳቶቻቸውም ሲለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ጋሼ ይደግሙታል። ካልተደገመ አይጻፍም።

አዲስ ቴርሞስታት ገባ። አዲስ የራዲያተር ክዳንም። ክዳኗን ንቄአት ነበር። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። በእኛ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ግፊት ይዞ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው። ላስቲኩ ካለቀ፣ ቆላ ላይ ችግር የሌላት መኪና ጣርማ በር ላይ ትፈላለች። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደግሞ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት ሳይሞቅ ይሠራል። ፋሻና ሲሊንደር የሚበላው ያ ነው። ጋሼ የእኔን ሲሊንደሮች ሲያዩ "ይቺ ብርድ ላይ ኖራለች" ያሉት ገና ሳልነግራቸው ነው።

ቱርቦውን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ላከልኝ። የዘይት መስመሩ፣ የአየር ቱቦው፣ ማጣሪያው ተሠራ። ማርሚታው ተቆርጦ ቧንቧው ወደ ሦስት ኢንች ሰፋ። ሁለት ጌጅ ተገጠመ። አንዱ የቱርቦውን ግፊት፣ ሌላው ወደ ቱርቦው የሚገባውን ጭስ ሙቀት ያሳያል። ጋሼ 650 ዲግሪ ላይ በቀይ ቀለም ሰረዝ አደረጉበት። "እዚህ ስትደርስ እግርህን አንሳ፤ ሌላ ነገር አታስብ።" ቱርቦ የምታስገጥሙ ሰዎች፣ ያለዚህ ጌጅ ከግቢ አትውጡ። ከቀሪው ወጪ አንጻር ዋጋው ምንም ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደብረ ብርሃን ላይ አስተካክሎ ቁልፉን ይሰጠኝ ነበር። ጋሼ "ሮቢት እንውረድ" አሉ። ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት ባለበት አየር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ 0.71 ባር ገደማ ነው፤ 0.4 ሲጨመር 1.1 ይሆናል። ሮቢት ላይ አየሩ 0.87 ነው፤ ሲጨመር ወደ 1.27 ይደርሳል። ብርዱ ላይ የተስተካከለ ሞተር ሙቀቱ ላይ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ ተነሳን። ሮቢት ከሰዓት በፊት ደርሰን የተጫነ ሽንኩርት ይዘን ወጣን። ሦስት ጊዜ ቆመው ጌጅ አነበቡ፣ አንድ ጊዜ የቱርቦውን ግፊት የሚወስነውን ዘንግ አስተካከሉ። ናፍጣውን አልነኩም። ፖምፓው ከአዲስ አበባ በፋብሪካው ልክ ተስተካክሎ መጥቷል፤ ያቺ የዞረች ግማሽ ዙር ተመልሳለች። ድሮ ጭስ ይሆን የነበረው ናፍጣ አሁን አየር አገኘ። ጉልበቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ደብረ ሲናን አለፍን። ጋሼ ሰዓታቸውን ያዙ። እኔ በልማዴ ሁለተኛ ልከት እጄን ሰደድኩ። "ተዋት" አሉኝ። በሦስተኛ ሄደች። ዋሻው ጋ 18 ደቂቃ። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ጭስ የለም፤ ጉም ብቻ። የጭስ ሙቀቱ ከ580 አላለፈም፤ የውኃው ጌጅ መሐል ላይ። ጋሼ ምንም አላሉም። መስኮቱን ከፍተው ድምፁን እያዳመጡ ነበር።

ሮዳጁ፣ አዲስ የታደሰውን ሞተር ማለማመዱ ላይ የሰጡኝ ምክር ሌላ ቦታ ከሰማሁት የተለየ ነው። እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት የለም። ግን አቁሞ ረጅም ሰዓት ማስነሳትም የለም። ፍጥነቱን እየቀያየርክ፣ ቀለል ያለ ዳገት እያስበላህ ንዳት፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው በሥራ ነው። የመጀመሪያው ዘይት በ500፣ ሁለተኛው በ1000 ተቀየረ። አሁን በየ5000 ነው። ከዳገት በኋላ ሳጠፋት ሁለት ደቂቃ አቆያታለሁ፤ ቱርቦው ሳይበርድ ዘይቱ እንዳይቋረጥበት።

በአምስት ወር ውስጥ ያየሁት ይህ ነው። በፊት በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ነበር የምሄደው፤ አሁን 7.2። ናፍጣ በዚህ ዋጋ፣ ይህ ብዙ ነው። ጓሳ ላይ፣ ከ3200 ሜትር በላይ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ አሙቄ ትነሳለች። በመዘዞ አቀበት ሰው አስወርጄ አላውቅም።

ቅሬታዬን ልናገር። ሦስት ሳምንት ተብዬ ሰባት ሆነ። የዕቃው መመላለስ ግማሹን ወስዷል፤ የቀረው ግን የእሳቸው ወረፋ ነው። ያን ሁሉ ቀን ሥራ አልነበረኝም። ቢነግሩኝ ሌላ መኪና እከራይ ነበር። ስልክ አያነሱም። እጃቸው ዘይት ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ከረዳቶቹ አንዱ ሊያነሳ ይችላል። ደረሰኝ እስክጠይቅ አልተሰጠኝም፤ ስጠይቅ ግን በዝርዝር ጻፉልኝ። ግቢው ውስጥ መጠለያ የለም። የደብረ ብርሃንን የከሰዓት ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞ በ600 ኪሎ ሜትር ላይ ከቱርቦው የሚመለሰው የዘይት ቱቦ አንጠበጠበ። ወሰድኳት። ያለ ክፍያ በዚያው ቀን ቀየሩት፤ ጋሼ ራሳቸው ከሥር ገብተው። "የእኛ ጥፋት ነው፣ ቱቦው ጠመም ብሏል" አሉኝ። ከሜካኒክ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ወጪው በድምሩ 512 ሺህ ብር ሆነ። ለሞተሩ ዕቃ 188 ሺህ፣ ለቱርቦውና ለቧንቧዎቹ 196 ሺህ፣ ለቶርኖና ለፖምፓ 63 ሺህ፣ የእጅ ዋጋ 65 ሺህ። የተበደርኩት ገና አላለቀም። ሞተሩን ብቻ አሳድሼ ቱርቦውን ብተወው ከወጪው ከሲሶ በላይ አተርፍ ነበር። መኪናችሁ ከሮቢትና ከአጣዬ የማትወጣ ከሆነ እንደዚያ አድርጉ፤ ጋሼም ራሳቸው ይህንኑ ይነግሯችኋል። ወደ መንዝ፣ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጣርማ በር የምትወጡ ከሆነ ግን ተነጋገሯቸው። ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ግማሿ የጎደለችው በስልኩና በሰባቱ ሳምንት ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ። መኪናዋን በዋዜማው አታሳጥቧት፤ ዘይቱ የሚወጣበትን ቦታ ማየት ይፈልጋሉ። ከዚህ በፊት የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሐሙስ ለቫልቭ ልክ ተመልሼ እሄዳለሁ። ለጋሼ የሮቢት ማንጎ ቃል ገብቻለሁ።